ላላ ያለ ቋጠሮ

ሞጣ፥ ከገበያው በላይ፥ በቆርቆሮ በረንዳ፥
ቁጭ ብዬ መኪናዬን ስረግጥ፥ ክር ሳሾልክ በቀዳዳ፥
መዘውር የሚያዞረው ቀኝ ነው የሚታየው ለሰው፤
ጨርቁን የሚመራው ግራ ነው። እሱን ማን አስተዋለው?

አንጓው ላይ መስመር አለበት፥ እንደ ታሰረ ጥጃ አንገት፤
ሰዓት አስሬ ሸፈንሁት።
ለጠየቀኝ «የገመድ ነው፥ የድሮ ነው» እላለሁ፤
ገመድ አልነበረም። የእናቴ ነው። መቀነት።

ስድስት ዓመቴ ነበር። እንግዳ ፊት፥ ሳላስበው፥
በግራ ቆርሼ ጎረስሁ፤ እንግዳውን ሳቅ አፈነው፤
«አትጠገብ፥ ልጅሽ ግራኝ ነው እንዴ?»
አልሳቀችም እናቴ።
ማታ ከወገቧ ፈታችው፤ ያንኑ፥
ሳንቲም የምትቋጥርበትን፥
ጫፉን ይዤ እንቅልፍ የሚወስደኝን።
ክንዴን ከጎኔ አጣበቀች፤ አንድ ዙር፥ ሁለት፥ ሦስት ዙር፤
ጠበቅ። ደግሞ ጠበቅ።
እያለቀሰች ይመስለኛል። ወይም የኩራዙ ጭስ ይሆናል።
«በግራ የሚቆሙት ፍየሎች ናቸው፥ ልጄ፤
የኔ ልጅ ከበጎቹ ጋር ይቆማል።»

ሁለት ክረምት ታሰርሁ።
ሰው መንገድ ሲጠፋው «ግራ ገባኝ» ይላል፤
እኔ መንገድ የጠፋኝ ግራዬ ሲወጣ ነው።
ቀኜ በደብተሬ ላይ እንደ ሰካራም ተንገዳገደ፤
«ሀ» ተንጋደደ፥ «ሁ» ተንጋደደ፥ ምላሴም አብሯቸው ሄደ።
ካደግሁ በኋላ እንኳ፥ ሌሊት፥
ግራዬን ከሥሬ ደብቄ ተኝቼ፥
ደንዝዞ ስዳስሰው ነቅቼ፥
የሌላ ሰው እጅ መስሎኝ እጮህ ነበር።

ጋሽ እንየው፥ ልብስ ሰፊው፥ ነፍሱን ይማረውና፥
ስለ ልጅነቴ አንድ ቀን አልጠየቀኝም።
ብቻ መኪናው ፊት አስቀመጠኝና፦
«መዘውሩን ቀኝህ ያዙር፤ ጨርቁን በግራህ ምራው፤
አታጥብቀው፥ አትልቀቀው፤
መርፌው መንገዱን ያውቃል፥ አትፍራው።»
የዚያን ቀን አንድ ኪስ ሰፋሁ። ጠማማ ኪስ።
እጄን ከትቼ ለካሁት።
ልኬ ነበር።

ዘንድሮ፥ ሰኔ ላይ፥ እናቴን ቀኝ ጎኗን መታት።
«ምች ነው» አለ ጎረቤት፤ ሐኪሙ «የደም ግፊት» አለ፤
ቀኟ እንደ ባዶ እጅጌ ከትከሻዋ ተንጠለጠለ።
ሦስት ቀን አልበላችም።
ላጎርሳት ስል ከንፈሯን ገጠመች፤
በግራ ከመብላት ደግሞ ሞቷን መረጠች።
በአራተኛው ቀን በሩን ዘጋሁ። መስኮቱንም ዘጋሁ።
ከፊቷ ቁጭ አልሁና
በግራዬ ቆርሼ ጎረስሁ።
አየችኝ።
ሠላሳ አራት ዓመት ያላየችውን እጅ አየችው።
ከዚያ ጣቶቿ፥ እንደ ዐይነ ስውር፥ ሳህኑን ፈለጉት፤
ሽሮው አገጯ ላይ ፈሰሰ።
«ቀስ» አልኋት፤ «አውራ ጣትሽን ከሥር አድርጊው። ይለመዳል።»

«አንተ እንዴት ለመድኸው?» አላለችኝም።
ይቅርታም አልጠየቀችኝ፤ እኔም አልጠበቅሁ።
ውሸቴን ነው። ጠብቄአለሁ።
አሁንም አንዳንዴ፥ ክር በጥርሴ ስበጥስ፥ እጠብቃለሁ።

ዕድሜዋን ሙሉ፥ ገና ዐይኗን ስትገልጥ፥ «በቀኝ አውለኝ» ትል ነበር፤
ትናንት ንጋት ላይ ሰማኋት። «አውለኝ» አለችና ዝም አለች፤
በየት በኩል እንደሆነ
ሳትነግረው ቀረች።

ከዚያ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ መቀነቱን ሰጠችኝ፤
በአንድ እጅ አይታሰርማ።
ያው እሱ ነው፤ ነጩ ቢጫ ሆኗል፥ ጫፉን ብል በልቶታል።
ግራዬ ትንሽ ተንቀጠቀጠ።
አዞርሁት በወገቧ፤ አንድ ዙር፥ ሁለት፥ ሦስት፤
«ጠበቅ አድርገው» አለችኝ፥ «ይወድቃል።»
አላጠበቅሁትም።
ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተውሁለት፥
ልብስ ሰፊ ለትንፋሽ
የሚተወውን ያህል።